ሰርጋችንን በፊልም ተወራረድን

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ሰርጋችን ሁለት ወር ያህል ሲቀረው ነው። ካገባሁ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህን ግን እንኳን ልረሳው፣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ካላወራሁት አይሆንልኝም። የሰማ ሁሉ ይስቃል። እኔ ግን በሰዓቱ ሳቅ የሚባል ነገር አልነበረኝም።

ተወልጄ ያደግኩት አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ነው። ልጆች ሳለን ሰፈራችን ውስጥ ጋሽ ቶማ የሚባሉ ሰው ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። እዚያ ካየኋቸው ፊልሞች ሁሉ ልቤን የወሰደው አንድ አሮጌ የሳይንስ ልብወለድ አክሽን ፊልም ነው። ጋሽ ቶማ «ብረቱ» ነበር የሚሉት፤ ትክክለኛ ስሙን የጠየቃቸው የለም። ታሪኩ ውሃ ባለቀበት ሌላ ዓለም ላይ ነው። በበረሃ መሃል አንድ የውሃ ጉድጓድ ያላት ትንሽ ከተማ አለች። ጉድጓዱን ለመንጠቅ ጥይት የማይበሳው የብረት ወታደር ይላክባታል። አንዲት ጉድጓድ ቆፋሪ ሴት ደግሞ ብቻዋን ትገጥመዋለች። ተኩሱ፣ ሩጫው፣ ፍንዳታው ለጉድ ነው! ቃል በቃል ሸምድጄዋለሁ፤ የሸመደድኩት ግን የጋሽ ቶማን ቃል ነው፤ ምክንያቱም ፊልሙ እንግሊዝኛ ስለሆነ እሳቸው ማይክ ይዘው ይተረጉሙልን ነበር።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ብረቱ የከተማዋ በር ላይ ሲደርስ ዲስኩ ይቆማል። ቢጠርጉት፣ ቢተነፍሱበት አይንቀሳቀስም። ያኔ ጋሽ ቶማ ቴሌቪዥኑን ያጠፉና የቀረውን በአፋቸው ይጨርሱልናል። የከተማዋ ሽማግሌዎች ለምለም ሣር ይዘው ይወጣሉ፤ ብረቱ ፊት ይንበረከካሉ። ብረቱም ቆም ብሎ ያያቸዋል፣ መሣሪያውን ያስቀምጣል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የጉድጓዱ ጠባቂ ይሆናል። ሁልጊዜ እዚህ ላይ እናጨበጭብ ነበር። ከጊዜ ብዛት ይህንን መጨረሻ በዓይኔ ያየሁት መሰለኝ። የሽማግሌዎቹ ፊት ሳይቀር ይታወሰኛል።

እጮኛዬ ሕይወት ከደብረ ማርቆስ ለትምህርት መጥታ እዚሁ ሥራ የያዘች ልጅ ናት። የተዋወቅነው በዚሁ ፊልም ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ስንመደብ ኮምፒውተሯ ላይ የብረቱን ፎቶ አየሁ። ከዚያ በኋላ ወሬያችን እሱ ብቻ ሆነ። የሚገርመው ነገር፣ ያን ያህል ስናወራ ስለ መጨረሻው አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

ለመጋባት ስንስማማ የሰርጉ ቦታ አጨቃጨቀን። የእሷ አባት ደብረ ማርቆስ ካልሆነ አሉ። የእኔ እናት ደግሞ ጉልበቷን ስለሚያማት ሁለት ቀን ሙሉ መኪና ላይ መቀመጥ አትችልም። ሰርጉ እዚያ ከሆነ አታየውም ማለት ነው። ያለኝ ወላጅ ደግሞ እሷ ብቻ ናት።

አንድ ቅዳሜ ከሦስት የሰፈር ጓደኞቼ ጋር ዓሳ ቤት ተቀምጠን ስንበላ የፊልሙ ወሬ ተነሳ። እኔ ስለ ሽማግሌዎቹና ስለ ሣሩ ሳወራ ሕይወት ሹካዋን አስቀመጠች።

«የምን ሽማግሌ?» አለች።

«መጨረሻ ላይ የሚንበረከኩት ናቸዋ።»

«እንደዚህ የሚባል ነገር የለም! ደግሞስ በዚያ በረሃ ሣሩን ከየት አመጡት?»

ጓደኞቼ በአንድ ድምፅ ተንጫጩባት። አንዱማ ከሳህኑ ላይ ሰላጣ አንስቶ «እንዲህ ነው ያደረጉት» ብሎ ፊቷ ተንበረከከ። አራት ምስክር ሆንን። ሕይወት ግን ፍንክች አላለችም። «እንወራረድ» አለች። «እኔ ካሸነፍኩ ሰርጉ ደብረ ማርቆስ፤ አንተ ካሸነፍክ አርባ ምንጭ።»

ደስታዬ ወሰን አጣ። የተዘጋብኝ በር በራሱ ጊዜ የተከፈተ መሰለኝ። እጅ ተማታን።

በማግስቱ ላፕቶፗን ከፈተች፤ አራታችንም ተደርድረን ተቀመጥን። ብረቱ በሩ ላይ ደረሰ። ዲስክ የለም፣ የሚቆም ነገር የለም። ሴትዮዋ ብረቱን አታልላ ወደ ጉድጓዱ ወሰደችው፤ ከዚያ ጉድጓዱን ከነ ብረቱ አፈነዳችው። ሁሉም ነገር አመድ ሆነ። እሷም መሣሪያዋን ይዛ በበረሃው ብቻዋን ሄደች። አለቀ። አንድም ሽማግሌ አልወጣም።

ሕይወት ዘላ አጨበጨበች። ጓደኞቼ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ያሰብኩት እናቴን ነው። ሰርጉ እዚሁ ይሆናል ብላ በዕለቱ የምትቀመጥበትን ወንበር ሳይቀር መርጣ ነበር። ምን ብዬ እነግራታለሁ? በፊልም አስበላሁሽ ልበላት?

ንዴቴን የምወጣበት ሰው አንድ ብቻ ነበር። ጋሽ ቶማ አሁን ሲቀላ በሚባለው የከተማችን ሌላ ሰፈር የስልክ ቻርጀርና ሽፋን ይሸጣሉ። ሰኞ ከሥራ ስንወጣ ሄድኩ፤ ሕይወትም ላፕቶፗን ይዛ ተከተለችኝ። ሰላምታውን እንኳን በቅጡ ሳልጨርስ ውርርዱን ከነ እናቴ ጉልበት ዘረገፍኩላቸው። «እርስዎ ባመጡብኝ ጣጣ እናቴ ሰርጌን ላታይ ነው!» አልኳቸው።

ጋሽ ቶማ ደነገጡ። የያዙትን ቻርጀር አስቀመጡና በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ።

«እኔም እኮ አላየሁትም፣ ልጄ» አሉ። «ዲስኩ ከገዛሁት ጀምሮ የተጫረ ነው። እናንተ ልጆች እንዴት አለቀ ብላችሁ ዓይን ዓይኔን ታያላችሁ። ምን ልበል? እኛ ዶርዜዎች ዘንድ ጠበኛ ሲመጣ ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከለት አልፎ አይሄድም። ብረትም ቢሆን ያፍራል አልኩ።»

ሕይወት ሳቋን መያዝ አቃታት። «ሣሩንስ ከየት አመጡት ጋሼ? በረሃ እኮ ነው።»

«ከጉድጓዱ ዳር ነዋ!» አሉ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ እንዴት ይጠየቃል በሚል ፊት። «ውሃ ባለበት ሣር ይጠፋል እንዴ?»

ከዚያ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አሁን መጨረሻው አለሽ?» ብለው ጠየቋት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያን ፊልም ከእኔም በላይ የሚወዱት እሳቸው ናቸው፤ ስንት ዓመት ሲያሳዩ ኖረው መጨረሻውን አያውቁትም። ንዴቴ እዚያው በረደ።

ሕይወት ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችላቸው። መነፅራቸውን አድርገው፣ ደንበኛ ሲመጣ በእጃቸው «ቆይ» እያሉ አዩት። ጉድጓዱ ሲፈነዳ ክው አሉ። ካለቀ በኋላም ስክሪኑን ማየት አላቆሙም።

«ውሃውስ?» አሉ።

«ውሃውም አብሮ ጠፋ፣ ጋሼ» አለች ሕይወት።

«ታዲያ ልጅቷ ምን አሸነፈች?»

 ሕይወት ይህንን መጨረሻ ስትወደው የኖረች ልጅ ናት። ላፕቶፗን ዘጋችና ብብቷ ሥር ይዛ ወጣች። መንገድ ላይ ከወጣን በኋላ ባጃጅ እየጠበቅን ሳለ ዞር ብላ አየችኝ።

«ውርርዱ ፈርሷል» አለች።

«ለምን? አሸንፈሻል እኮ።»

«አንተ ያየኸው ሌላ ፊልም ነው። በሁለት ፊልም አንድ ውርርድ አይያዝም። አባቴን እኔ አናግረዋለሁ።»

እዚያው መንገድ ላይ፣ ሰው እያየን አቀፍኳት። ዓይኔ እንባ እንደሞላ አልደብቅም።

አባቷ ቢያንገራግሩም በመጨረሻ እሺ አሉ፤ ዘመድ አዝማዱን ይዘው መጡ። ሰርጋችን አርባ ምንጭ ሆነ። እናቴ በመረጠችው ወንበር ላይ ተቀምጣ ሙሉ ቀን በእጇ እያጨበጨበች ዋለች። ጋሽ ቶማ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሰፈር ልጆች ከበዋቸው ነበር፤ ወሬው ተሰምቶ «ብረቱ እውነት በፍንዳታ ነው የሚያልቀው?» እያሉ ያፋጥጧቸዋል። እሳቸው ምንም አላፈሩም። «እንደዚያ የሚያልቀው እነሱ ፈረንጆቹ ጋ ነው» ብለው ይመልሳሉ።

ዛሬም ሕይወትና እኔ ፊልሙን አብረን እናየዋለን፤ ለእሱ ያለኝ ፍቅርም አልቀነሰም። እሷ እስከ መጨረሻው ታየዋለች። እኔ ብረቱ በሩ ላይ ሲደርስ ተነስቼ በረንዳ ላይ እወጣለሁ። ፍንዳታው እዚያ ድረስ ይሰማኛል፤ ግን አላምነውም።