የወይዘሮ ሐመልማል ዱቄት

ሐመልማል ከጉራራ በላይ፣ ባሕር ዛፉ በሚጀምርበት ዳገት ላይ ሠላሳ ዓመት ላም አልባለች። ባሏ ታዴዎስ የእንጦጦ ደን ጥበቃ ነበር፤ ሲሞት የተወላት ያረገዘች ላምና የሚያፈስ ጣሪያ ነው። እሷ እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አልነበረችምና አንዷን ላም ሦስት አደረገቻት። «የሐመልማል ወተት ውሃ አያውቅም» ይል ነበር ሠፈሩ፤ ይህን ስትሰማ ደረቷ ይነፋል። ማታለል አትወድም። የራሷንም ሆነ የሰው ጥፋት ዐይታ ማለፍ አይሆንላትም። ታዴዎስ በሕይወት ሳለ «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ቅንነትሽ አንድ ቀን ሰው ይፈጅብሻል» እያለ ይስቅባት ነበር።

ከአጥሯ ማዶ አቶ በዳዳ ይኖራሉ። እሳቸውም ሦስት ላም አላቸው። ታዴዎስ የታመመ ቀን ከሰው ጋር በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪናው መንገድ ያወረዱት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሾላ ገበያ ወርደው ለላሞቹ ፉርሽካና ፋጉሎ ሲገዙ የእሷንም አብረው ያስጭናሉ። እሳቸው ለቅሶ ሲሄዱ ላሞቻቸውን እሷ ታልባለች፤ እሷ ታማ ስትተኛ እሳቸው ያልባሉ። እሷ «ጋሼ» ትላቸዋለች፤ እሳቸው እንደ ታናሽ እኅት ያዩዋታል።

ነአምን የመጣችው ክረምቱ እንደወጣ ነው። ወጣት የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ከአንድ የጥናት ፕሮጀክት ጋር ትሠራለች። የአካባቢውን ላም አርቢዎች በአቶ በዳዳ ግቢ ሰብስባ አስረዳቻቸው።

«ላም ስታመሰኳ ታገሳለች፤ በዚያ ግሳት ሜቴን የሚባል ጋዝ ይወጣል። በዐይን አይታይም፤ ግን ምድሪቱን ከሚያሞቁት አንዱ ነው። እኛ የያዝነው ዱቄት ከመኖ ጋር ሲደባለቅ ጋዙን ይቀንሳል ተብሏል። በናንተ ላሞች እንፈትነው።»

«ስንት ፋብሪካ ጢሱን እያትጎለጎለ፣ ጥፋተኛዋ የኔ ላም ሆነች?» አሉ አቶ በዳዳ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

ሐመልማል አልሳቀችም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወተትሽ ስንት ነው እንጂ ሌላ ነገር የጠየቃት ሰው አልነበረም። አሁን ይቺ የተማረች ልጅ ዓለምን የሚጠቅም ነገር ከሷ ጋጣ እፈልጋለሁ ስትላት፣ ልቧ ሙቀት ተሰማው። ወረቀቱ ሦስት ገጽ ነበር። ነአምን ቶሎ ቶሎ አነበበችላቸውና ማብራሪያ የሚፈልግ ካለ ጠየቀች። ሐመልማል መነጽሯን ቤት ረስታለች፤ ሂጂና አምጪው እንዳትባል አፍራ ባማረ ፊርማዋ ፈረመች። አቶ በዳዳም እያጉረመረሙ ፈረሙ። ፕሮጀክቱ ላሞቹን በነጻ ያክማል መባሉ ነው ያሸነፋቸው።

ለየቤቱ ቁጥር የተጻፈበት ከረጢት ታደለ። የሐመልማል ሰባት ቁጥር ነው። ጧትና ማታ በማንኪያ ሰፍራ ከፉርሽካው ጋር ታደባልቃለች። ድርቆሹ ይመዘናል፤ የጠላ አተላ ክልክል ነው፤ ልኩን ያዛባል ተብሏል። ነአምን በየሳምንቱ እየመጣች ሽጉጥ የመሰለ መሣሪያ ወደ ላሞቹ አፍንጫ አነጣጥራ ትለካለች። ሐመልማል አጠገቧ ቆማ ትንፋሿን ትይዛለች፤ የሷ ትንፋሽ ልኩን የሚያበላሽ ይመስላታል።

አተላው ሲቀር ወተቱ መጀመሪያ ወረደ። አንዳንድ ደንበኛ ወደ ሌላ ሄደ፤ ቻለችው። በሁለተኛው ወር ግን ላሞቹ ጸጉራቸው ጠራ፣ ወተቱም ወፈረ። ማግሳታቸውም የቀነሰ መሰላት። ጋጣው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትቆጥርላቸው ጀመር። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ያገኘችውን ሁሉ ይዛ ስለ ዱቄቱ ትሰብካለች። «ሐመልማል ፈረንጅ ሆነች» ብለው አሟት፤ ደንታም አልሰጣት።

አንድ ከሰዓት በኋላ በአጥሩ ቀዳዳ ስታይ፣ አቶ በዳዳ በባልዲ አተላ ይዘው በግርግሙ ውስጥ ሲያፈሱ አየች። በማግስቱም አየች። አጥሩን አልፋ «ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?» ማለት ትችል ነበር፤ አሥራ አንድ እርምጃ ቢሆን ነው። ግን ያ ሁሉ ልፋቷ በአንድ ባልዲ አተላ ሲበላሽባት ታያትና ደሟ ፈላ። ቅዳሜ ነአምን ስትመጣ ነገረቻት።

አቶ በዳዳ ከጥናቱ ወጡ። ከረጢቱም ነጻ ሕክምናውም ተወሰደ። ማን እንደነገረባቸው ለመጠየቅ እንኳ አልደከሙም፤ የሚያይ አጥር አንድ ብቻ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ሾላ ሲወርዱ በሯን አላንኳኩም።

ጥር ላይ ትልቋ ላማቸው ወለደች። በሦስተኛው ቀን ወድቃ መነሳት አቃታት። የነአምን ሕክምና ባይቀር በአንድ መርፌ የሚድን ሕመም ነበር፤ በግል የተጠራው ሐኪም ሲደርስ ግን ላሟ ሞታለች። ሠፈሩ ለማጽናናት ገባ። ሐመልማል ነጠላዋን አጣፍታ እስከ አጥሩ በር ሄደችና ተመለሰች። «ደንብ ያፈረሱ እሳቸው፤ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለች ብቻዋን፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ። ያን ሳምንት ግን እህል አልወረደላትም።

ጥናቱ ሲያልቅ ጉርድ ሾላ አንድ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተደረገ። ሐመልማል ምስክርነት እንድትሰጥ ስሟ ተይዞ ነበር። የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ማይኩን ያዘች።

«የኔ ላሞች ድሮ እንደ ነጎድጓድ ነበር የሚያገሱት። ዱቄቱን ከጀመርን ወዲህ ጋጣው ጸጥ አለ። ሽታው ተለወጠ፣ ወተቱ ወፈረ። ያላመነ ካለ ይምጣና ይየው። ለሰባት ቁጥር ከረጢት ምስክር ነኝ።»

ጭብጨባ ጠብቃ ነበር። ነአምን ወለሉን ታያለች። ስብሰባውን የሚመሩት ፕሮፌሰር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እናታችንን እናመሰግናለን። የሚገርም ነገር ልንገራችሁ፤ ሰባት ቁጥር ለማወዳደሪያ ከተያዙት ቤቶች አንዱ ነው። መድኃኒቱ አልነበረበትም። ሰው የሚጠብቀውን እንደሚያይ ጥሩ ማሳያ ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም፤ ለሐመልማል ግን ከዚያ የከፋ ሳቅ የለም። ማይኩን ማን እንደተቀበላት አታስታውስም።

ነአምን ደረጃው ላይ ደረሰችባት።

«እትዬ ሐመልማል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ምን ነበር ሳበላቸው የከረምኩት?»

«የተፈጨ ፉርሽካ ነው። ግማሹ ቤት ዱቄቱን፣ ግማሹ እሱን ነበር የሚያገኘው። ካልተወዳደረ መሥራቱ አይታወቅም። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ አንብቤላችሁም ነበር።»

«አንቺስ ታውቂ ነበር?»

«የትኛው ቁጥር ምን እንደያዘ የተገለጠልን ባለፈው ወር ነው። ስምዎን ያስያዝኩት ከዚያ በፊት ነው። ሳውቅ ልነግርዎ አሰብኩ፣ አፈርኩ።»

«ወተቱስ? ባይኔ ያየሁት?»

«በልክ አበሏቸው፣ ላሞቹም የሆድ ትል መድኃኒት ወሰዱ። የርስዎ እንክብካቤ ነው።»

ሐመልማል ያስፈራትን ጠየቀች። «የአቶ በዳዳስ ከረጢት?»

«የሳቸው እውነተኛው ነበር።»

ከመገናኛ እስከ ፈረንሳይ ሠፈር በታክሲ፣ ከዚያ ዳገቱን በእግሯ ወጣች። ቤቷ ሳትገባ አቶ በዳዳ ደጅ ቆመች። እሳቸው በመንሽ ድርቆሽ ይከምራሉ። የሆነውን ሁሉ፣ አዳራሹን፣ ሳቁን፣ ከረጢቶቹን አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። ቢስቁባት ወይም ቢሰድቧት ቀለል የሚላት መስሏት ነበር።

«እኔ ደንብ ጥሻለሁ» አሉ መንሻቸውን ተደግፈው። «ትንሿ ላሜ ወተቷ ሲጠፋ፣ ጥጃዋ ሲከሳ አሳዘነችኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አንቺ የዋሸሽው የለም።»

«ጋሼ፣ ይማሩኝ።»

«ይቅር። ግን ታዴዎስን በዚህ ትከሻ ነው ያወረድኩት። ለኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ተው ብትይኝ እተው ነበር።»

እሳቸው ወደ ድርቆሻቸው ዞሩ። በአፋቸው «ይቅር» ብለዋል፤ ግቢ በይ ግን አላሏትም።

ሚያዝያ ላይ ነአምን ደወለች። በሁለተኛው ዙር ለሁሉም እውነተኛው ዱቄት ይሰጣል።

«የኔን ለአቶ በዳዳ አድርጊው» አለች ሐመልማል።

«ከጥናቱ የወጣ ሰው ተመልሶ አይገባም፤ ደንብ ነው እትዬ።»

«ደንብማ ነው» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

አቶ በዳዳ በክረምቱ መግቢያ ቤታቸውንና የቀሩትን ሁለት ላሞች ሸጠው ሰንዳፋ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ዕቃቸው የተጫነው ሐመልማል ወተት ልታደርስ በወጣችበት ሰዓት ነው። ስትመለስ አዲሱ ባለቤት የብሎኬት ግንብ ሊያስገነባ አጥሩን እያስነቀለ ነበር። መሄዳቸውን የነገራትም እሱ ነው፤ ሌሎቹን ጎረቤቶች ግን ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ መሰናበታቸውን የሰማችው ዘግይታ ነው።