የቀንድ አውጣዋ መርዝና የአባቴ እግር

ጎረቤት በሥራዬ ሲስቅብኝ ዓመታት አልፈዋል። ባሕር በሌለው አገር፣ ያውም እንጦጦ ሥር፣ የባሕር ቀንድ አውጣ አጠናለሁ። እርግጥ እሷን በሕይወት አይቻት አላውቅም። የማውቀው መርዟን ነው፤ ነጭ ዱቄት ሆኖ፣ አውራ ጣት በምታክል ብልቃጥ ከውጭ አገር ይላክልኛል። መብራት በጠፋ ቁጥር ማቀዝቀዣው ሞቆ እንዳይበላሽብኝ ስሳቀቅ እውላለሁ።

ሾጣጣ ቅርፊት ያላት ዘገምተኛ ፍጥረት ናት። ዓሣ አባርራ መያዝ ስለማትችል አሸዋ ውስጥ ተቀብራ ትጠብቃለች፤ ሲጠጋት እንደ መርፌ የሾለ ጥርሷን ትሰካበታለች። ዓሣው እዚያው ይደርቃል። ቅርፊቷ አምሮት በእጁ ያነሳት ሰውም ሞቶ ያውቃል። በዚሁ መርዝ ውስጥ ግን ሕመም በነርቭ እንዳያልፍ የሚያግድ ነገር አለ፤ ከአንዷ ዝርያ የተገኘው መድኃኒት ሆኖ፣ ሌላው ሁሉ እምቢ ላለው ሕመም በጀርባ አጥንት በኩል ይሰጣል። እኔ የምሞክረው ከሌላ ዝርያ የመጣውን ነው። የላቦራቶሪ አይጧን በመርፌ እወጋትና ሞቅ ያለ ብረት ላይ አቁሜ፣ እግሯን አንስታ እስክትልስ ድረስ ሰከንድ እቆጥራለሁ፤ በቆየች ቁጥር መርዙ ሕመሟን አግዶላታል ማለት ነው።

እንዲህ ስቆጥር ውዬ ቀጨኔ ወዳለው ቤታችን እመለሳለሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴና እኔ ብቻ ነን። አላገባሁም፤ ወንድምም እህትም የለኝም። አባቴ ስኳር አለበት። ስገባ እንዴት ዋልክ እለዋለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይለኛል። ከዚያ ቴሌቪዥኑ እንዲያወራልን እንተወዋለን።

ባለፈው ክረምት ለክትትል ሐኪም ቤት አብሬው ገባሁ። ሐኪሟ እግሩን ያመው እንደሆነ ጠየቀችው፤ ምንም ካላመመው ዜሮ፣ የማይቻል ከሆነ ዐሥር ብሎ ለሕመሙ ቁጥር እንዲሰጠው። አባቴ እግዚአብሔር ይመስገን አለ። ደግማ ጠየቀችው፣ ደግሞ አመሰገነ። ዜሮ ብላ ጻፈች። እኛ ዘንድ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው እንኳ ሲጠይቁት ቀድሞ ያመሰግናል፤ ይሄን የማያውቅ የለም። የሕመም ተመራማሪው እኔ ግን አጠገቡ ተቀምጬ እፎይ አልኩ።

ከሳምንታት በኋላ ወደ ቤታችን ከሚያወጣው ዳገት ሥር ካለው ሱቅ ዳቦ ልገዛ ጎራ አልኩ። ባለሱቁ፣ ስልጤው ጎረቤታችን፣ የአባቴ እግር ተሻለው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ምኑ ነው የሚሻለው አልኩት። ለካ አባቴ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ዳገቱ እያቃተው፣ ሱቁ በር ላይ በተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል። ጫማውን አውልቆ እግሩን ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ያሳርፋል።

«እሳት ላይ የቆምኩ ያህል ያቃጥለኛል ይላሉ» አለኝ። «እኔ የምታውቅ መስሎኝ።»

ዳቦውን ረስቼ ወጣሁ። መጀመሪያ የተናደድኩት በአባቴ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያለ ያሳደገኝ እሱ ነው። ዳገቱን አጋምሼ ንዴቱ ወደ ራሴ ዞረ፤ ቀኑን ሙሉ የአይጥ እግር የምጠብቅ ሰው፣ ቤቴ ያለውን እግር አላየሁም። እናቴን ከቀበርን ወዲህ የዚያን ዕለቱን ያህል ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ቤት ገብቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅኩት።

«ብቻህን ነህ» አለ። «እኔ አመመኝ ካልኩህ፣ አንተን ማን ያስታምምሃል?»

መልሴን ሳይጠብቅ ቀንድ አውጣዬ ትረዳው እንደሆነ ጠየቀኝ። መርዟ ገና ከአይጥ አልፎ ሰው ጋ እንዳልደረሰ፣ ምናልባትም እንደማይደርስ ነገርኩት። እሷም እንደኔ ዳገቱ ከብዷታል ማለት ነው ብሎ ቀለደ።

በማግስቱ ሐኪሟ ዘንድ ተመለስን። ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችው። ምስጋናው ከንፈሩ ላይ ሲደርስ አየሁ። ከዚያ ፊቱን ከእኔ ወደ ግድግዳው አዙሮ «ዘጠኝ» አለ። ጻፈችው። የነርቭ ኪኒን አዘዘችለት፤ እስኪሠራ ሳምንታት እንደሚፈጅም ነገረችን።

ስንመለስ የታክሲው የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ታክሲው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲዘል አባቴ «ወይኔ እግሬን» አለ፣ ጮክ ብሎ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ቤት እስክንደርስ ዝም እንዳይልብኝ በልቤ ለመንኩ።