ገመዱን የሚቀበል

የራሰ ገመድ ሲሸተኝ አባባ የምላቸው አያቴ ትዝ ይሉኛል። እንግሊዝ አገር፣ በጠባብ ቦይ ላይ፣ በረጅም ቀጭን ጀልባ ብቻዬን ስጓዝ ሰባተኛ ቀኔ ነው።

አያቴ ጣና ላይ ታንኳ ሲቀዝፉ ኖረው በስተርጅና አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ እኛ ዘንድ መጡ። አንድ ቅዳሜ እዚያ ባለው ወንዝ ዳር ስንሄድ፣ ብቻውን በጀልባ የመጣ ፈረንጅ ገመድ ወደ ዳር ወረወረ። አያቴ ነጠላቸው እስኪወድቅ ሮጠው ቀለቡለት። ሰው ሁሉ ሲያየን አፈርኩ።

«ውሃ ላይ ብቻውን የዋለ ሰው፣ ሲደርስ ገመዱን የሚቀበለው ይፈልጋል። ገባሽ?» አሉኝ።

«ኦኬ፣ ኦኬ» አልኳቸው፣ ከስልኬ ቀና ሳልል። ሁሌም በእንግሊዝኛ ነበር የምመልስላቸው።

ዛሬ ከሰዓት ዳር ስደርስ አንድም ሰው አልነበረም።

«አባባ፣ ይቀበሉኝ» ብዬ በአማርኛ ወረወርኩ።

ገመዱ ውሃው ውስጥ ወደቀ።