ያለ ልጅ የታረሰችው

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጂንካ ጎረቤቴ ወልዳ ልጠይቃት ሄድኩና፣ ገና ከመቀመጤ ባቷን መዳበስ ጀመርኩ። የቤቱ ሰው ሳቀብኝ፤ ጡረታ የወጣች ነርስ ሥራ ናፍቋት ነው አሉ። እኔ ግን አስቴር ትዝ ብላኝ ነበር።

ያን ጊዜ ጂንካ ሆስፒታል ሥራ ከጀመርኩ ብዙ አልቆየሁም። አስቴር ከወላይታ የመጣ ግንበኛ ሚስት ነበረች። ልጅ ሳትወልድ ማህፀኗ ላይ ካንሰር ተገኘባትና ማህፀኗ ወጣ። ኦፕራሲዮኑ በደህና ስላለቀ ተመስገን አልን። ቸኩለን ነበር።

እናቷ እማማ ዶርቃ ሊያስታምሟት ከአገር ቤት መጡ። ቀይ አፈር ከተማ ላይ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት፣ የቅቤ ቅላቸውን እንዳቀፉ በአይሱዙ ጭነት ላይ ነው የደረሱት። ሆዷ የተከፈተ ሴት አራስ ናት ብለው ከአልጋ እንዳትወርድ ከለከሏት። ገንፎ ያጎርሷታል፣ እግሯን በቅቤ ያሹላታል። ተነስታ ካልተራመደች ደም እግሯ ውስጥ እንደሚረጋ ለሁለቱም አስረዳሁ፤ ለመንኩ፣ ተቆጣሁም። አስቴር ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። አንድ ጠዋት እናቷ ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ እጄን ያዘችኝ።

«ሲስተር፣ ተዪኝ። እማዬ እህቶቼን ሁሉ ሲወልዱ አርሳቸዋለች። እኔን የምታርሰኝ አሁን ብቻ ነው።»

ብርድ ልብሷን አስተካክዬ ተውኳት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ክፍሉ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ቀኑን ሙሉ ልቤ ፈራ።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ እማማ ዶርቃ ግራ ባቷን እያሹ ነበር። ከቀኙ ወፍሯል፣ ስነካው ይፋጃል። እጃቸውን ይዤ፣ «ይብቃ እማማ፣ አይንኩት» አልኩ። ለካ ካመማት ሰንብቷል፤ ብናገር ያስነሱኛል ብላ ነው የደበቀችው።

ሐኪሙ ሮጦ መጣ። ደም ማቅጠኛ መርፌውን እያዘጋጀን ሳለ አስቴር ቀና ብላ ተቀመጠች፤ አየር አጠረኝ አለች። ሳይመሽ አረፈች።

እማማ ዶርቃ አላለቀሱም። ኮሪደሩ ላይ ጠብቀውኝ ሁለት እጆቻቸውን ዘርግተው አሳዩኝ።

«ልጄ፣ በእጄ ነው?»

«አይደለም፣ እማማ» አልኳቸው።

እግር ውስጥ የረጋ ደም ተላቅቆ ሳንባ ይዘጋል፤ በራሱም ይላቀቃል፣ ሲታሽም ይላቀቃል። የእሷ የትኛው እንደነበር ያን ቀን አላወቅኩም፣ ዛሬም አላውቅም። ከእኔ በኋላ የመጡትን ነርሶች፣ ከታማሚዋ በፊት እናቷን አስረዱ እያልኩ አርጅቻለሁ። እማማ ዶርቃ ግን ዛሬ ከፊቴ ቆመው ያንኑ ቢጠይቁኝ፣ ያንኑ እመልስላቸዋለሁ።