ሱባኤ የሆነብኝ ልቦለድ

ጥቅምትን የጨረስኩት ቤቴ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ነው። ቤቴ ደግሞ ወዲያ ወዲህ የሚባልበት አይደለም። ዓለም ባንክ ያለ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከመስኮቱ ወደ በሩ ስሄድ ሶፋው ጉልበቴን ሳይመታኝ አያሳልፈኝም። ይህን ሁሉ ያመጣብኝ ልቦለድ ነው። ገና አንድ መስመር ሳልጽፍለት ሰላም ነሣኝ።

መጻፍ የሚወዱ ሰዎች የተሰበሰቡበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አለ፤ እኔም ከገባሁ ቆይቻለሁ፣ ግን ድምፄን አጥፍቼ ነው የምቀመጠው። በየዓመቱ ኅዳር ሲመጣ ቻሌንጅ ያውጃሉ። ከኅዳር አንድ ጀምሮ በየቀኑ መጻፍ፣ ወሩ ሲያልቅ የአንድ ልቦለድ ረቂቅ ይዞ መገኘት። ጥሩ ይሁን መጥፎ ማንም አይጠይቅም፤ ማለቁ ብቻ ነው የሚፈለገው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተመዝግቤ ሁለቱንም ጊዜ ከመጀመሪያው ሳምንት አላለፍኩም። አንዱን ዓመት ለቅሶ በላው፣ ሌላውን ሠርግ።

የምሠራው ጦር ኃይሎች አካባቢ ባለ አንድ ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ደምና ሽንት ስመረምር ውዬ፣ ታክሲ ተሰልፌ፣ ቤት ስደርስ ጭንቅላቴ የሚጽፍ ጭንቅላት አይደለም። ስለዚህ ዘንድሮ የዓመት ፈቃዴን አጠራቅሜ ኅዳርን በሙሉ ወሰድኩ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዘንድሮ ካልጻፍኩ መቼም አልጽፍም ብዬ አምኜ ነበር። ለማንም አልተናገርኩትም እንጂ በጣም ፈርቻለሁ።

የሚያስፈልገኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ሰው የማያንኳኳው በር። እኛ ብሎክ ውስጥ ግን የተዘጋ በር ማለት የታመመ ሰው ማለት ነው። አንድ ሁለት ቀን ካልታየሽ ጎረቤት ሾርባ ይዞ ይመጣል። በዚያ ላይ በኅዳር የእድር ተረኛ ነበርኩ፤ ለቅሶ ከተፈጠረ ድንኳን ውስጥ ከሚያስተናግዱት ሴቶች አንዷ እኔ ነኝ። የእድሩን ዳኛ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ተራዬን ወደ ታኅሣሥ እንዲያዛውሩልኝ ለመንኩ። ጡረታ የወጡ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሰው ናቸው። ምክንያቴን ሲጠይቁኝ መጽሐፍ ልጽፍ ነው አልኳቸው። ከልባቸው ሳቁ። ሞት የመጽሐፍ ፕሮግራም አይጠብቅም፣ ደግሞስ መጽሐፉን ለቅሶ ቤት ቁጭ ብለሽ አትጽፊውም ወይ አሉኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ደረጃውን ስወርድ ግን አንጀቴ እርር ብሎ ነበር።

ቢሆንም ዝግጅቴን አላቆምኩም። ምግብ ሳበስል ጊዜ እንዳይሄድብኝ በሶ፣ የሽምብራ ቆሎና ደረቅ ዳቦ ገዛሁ። መብራት ሲጠፋ እንዳልቸገር ሻማ ያዝኩ። ቴሌቪዥኑን ለመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ አዋስኩ። ወሩን ሙሉ ማበጠሪያ እንዳልነካ ጸጉሬን ሹሩባ ተሠራሁ። ግሩፑ ውስጥ ሰዎች ስለ ገጸ ባሕርይና ስለ ታሪክ አወራረድ ሲወያዩ እኔ የማስበው ስለ በሶ ነበር።

በሶውንና ሻማውን ተሸክሜ ደረጃውን ስወጣ ነው እማማ ያገኙኝ። እማማ የምላቸው ከእኔ በታች ባለው ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ የጎጃም ሴት ናቸው። ከእሳቸው ዓይን ተሰውሮ ደረጃችንን የሚወጣ ነገር የለም። ፌስታሉን ገለጥ አድርገው አዩና ምነው ልጄ አሉኝ። ስለ ግሩፑና ስለ ቻሌንጁ ለማብራራት አቅም አልነበረኝም። ከኅዳር አንድ ጀምሮ ለአንድ ወር ቤቴን ዘግቼ እቀመጣለሁ፣ የምጨርሰው ነገር አለኝ ብቻ አልኳቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«አስጀምሮ ያስፈጽምሽ፣ ልጄ።»

«አሜን» አልኩ።

ምን ልበል? ሲመርቁሽ አሜን ነው የሚባለው። ምን ብለው እንደመረቁኝ የገባኝ ቤቴ ገብቼ ዕቃውን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው። ኅዳር አጋማሽ ላይ የነቢያት ጾም ይገባል። በሶ፣ ሻማ፣ የተዘጋ በር፣ የተሠራ ጸጉር። ሴትየዋ ከጾሙም ቀድማ ሱባኤ ልትይዝ፣ ወሩን በጸሎት ተዘግታ ልታሳልፍ ነው ብለው ደምድመዋል። ወርጄ አይደለም ልላቸው እስከ በሩ ሄድኩና ተመለስኩ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ።

ነገ ሲደርስ ብሎኩ በሙሉ ሰምቷል። የእድሩ ዳኛ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ሦስተኛ ፎቅ እኔ ቤት ድረስ ወጡ። ተራዬ ወደ ታኅሣሥ ተዛውሯል፤ እንዲያውም ጥሩ ምትክ አግኝተውልኛል። ያን ቀን መጽሐፍ ነው ያልኳቸው ውዳሴ ከንቱ ፈርቼ እንደሆነ አሁን እንደገባቸው ነገሩኝና ስለሳቁብኝ ይቅርታ ጠየቁኝ። እውነቱን ነግሬያቸው በትሕትና የተደበቀ ውሸት አደረጉት። አመስግኜ ሸኘኋቸው።

ፊት ለፊቴ የምትኖረው ጎረቤቴም፣ ባሏ ኮልፌ ሱቅ ያለው፣ ልጆቿ ኮሪደር ላይ ኳስ እንዳይመቱ ከለከለች። በረመዳን መጨረሻ መስጊድ ገብተው የሚቀመጡ ዘመዶች እንዳሏት፣ ነገሩ እንደሚገባትና በሬ ላይ ማንንም እንደማታስደርስ ነገረችኝ። ባለሙያ ናት፤ በሚቀጥለው ቀን ኮሪደሩ ጭር አለ። እኔ ግን ተናደድኩ። ለልቦለድ ለምኜ ያላገኘሁትን ጸጥታ ለሱባኤ በአንድ ቀን ሰጡኝ። ተናደድኩ እንጂ ጸጥታውን አልመለስኩላቸውም።

ጸጥታውም በነፃ አልነበረም። ደረጃ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ አስቢኝ እያለ የክርስትና ስሙን ይነግረኝ ጀመር። አንዷ ለልጇ ፈተና፣ አንዱ ለወገቡ። እሺ እያልኩ አልፋለሁ፤ ቤቴ ስገባ ስሙ ጠፍቶብኛል። እማማ ግን ቤቴ ድረስ መጡ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ስለ ልጃቸው ነገሩኝ። አንድ ወንድ ልጅ ነው ያላቸው። ያገባት ልጅ አልጣመቻቸውም ነበርና ሠርጉ ዕለት አሞኛል ብለው ቀሩ። አላመማቸውም ነበር። ልጁም ይህን አወቀ፤ ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ አልተያዩም።

«ውጭ አገር ቢሆን እሺ» አሉኝ። «አስኮ እኮ ነው።»

ሄደው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አንዴ ሄደዋል። አስኮ ፌርማታው ላይ ወርደው ትንሽ ቆሙና መንገዱን ተሻግረው የመመለሻ ታክሲ ያዙ። ይህን ሲነግሩኝ አላለቀሱም። ሲወጡ አንገቴን ሳብ አድርገው የልጃቸውን የክርስትና ስም በጆሮዬ ነገሩኝ። ይህኛው ስም አልጠፋብኝም።

እስከዚያ ቀን ድረስ ልጽፍ የነበረው ስለ አንድ ሰላይ ነበር። በሕይወቴ ሰላይ አይቼ አላውቅም። የሰላዩን ባሕርይ በቁራጭ ወረቀት እየጻፍኩ ፍሪጁ ላይ ለጥፌው ነበር፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ሲጋራ ያጨሳል፣ ማንንም አያምንም። እማማ ከወጡ በኋላ ፍሪጁን ሳየው ሰውየው አሳፈረኝ። ሁሉንም ነቅዬ ጣልኩት። በምትኩ አስኮ ፌርማታ ላይ ወርዳ የምትመለስ እናት መጣች። ሳልጠራት ነው የመጣችው። ነጠላዋን እንዴት እንደምትይዝ፣ ለረዳቱ ወራጅ አለ ስትል ድምፅዋ እንዴት እንደሚያንስ፣ ሁሉም ታየኝ። እንዲህ ያለ ነገር አስቤ አላውቅም። ደስ አለኝ፤ ደስ መሰኘቴ ደግሞ አስፈራኝ።

ለጸሎት የሰጡኝ ነገር ነው። እኔ ብዙ የምጸልይ ሰው አይደለሁም፣ ቢሆንም ቃሌን ልጠብቅ ብዬ አንድ ጠዋት ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ ቆምኩና ስሙን ጠራሁ። ጠርቼው ሳልጨርስ ለልቦለዱ ግን ሌላ ስም ላወጣለት ይገባል ብዬ አሰብኩ። በራሴ አፈርኩ፤ ጸሎቱንም ተውኩት። ከዚያ በኋላ የሆንኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ፣ ቆሎ እቆረጥማለሁ፣ ሶፋው ጉልበቴን ይመታኛል። ከታች የእማማ በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ። እውነቱን ብነግራቸው ብሎኩ በሙሉ ይሰማል፣ በሬም እንደ ድሮው ይሆናል፣ ልቦለዱም ይቀራል። ካልነገርኳቸው ደግሞ የምጽፈው ሁሉ የተሰረቀ ነው።

የጥቅምት የመጨረሻ ቀን የግሩፑ አድሚን ሁላችንም የምንጽፈውን ታሪክ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንድንለጥፍ አዘዘ። ሰዎች ይለጥፋሉ፣ ይጨበጨባል። እኔም ጻፍኩ፤ ልጇን ፍለጋ ሄዳ ከፌርማታው የምትመለስ እናት። ጣቴ መላኪያው ላይ ደርሶ ቆመ። ስልኩን አልጋው ላይ ወርውሬ በነጠላ ጫማ ወረድኩ።

እማማ ምስር እየለቀሙ ነበር። ቆሜ ነው የነገርኳቸው፤ ሱባኤ እንዳልሆነ፣ መጽሐፍ እንደሆነ፣ የእሳቸው ነገር መጽሐፉ ውስጥ ሊገባ እንደነበር። የሚያባርሩኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ምስሩን ወደ አንድ ጎን ሰበሰቡ።

«ታዲያ ስሙን አልጠራሽውም?»

«አንዴ ጠርቼዋለሁ፣ እማማ። አንዴ ብቻ።»

«እኔ እኮ አንቺ ይዘሽዋል ብዬ ተውኩት» አሉ። «ካንቺ ቤት ከወጣሁ ወዲህ ስሙን አንሥቼ አላውቅም። አርፌ ነበር።»

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ያለ ሐፍረት ተሰምቶኝ አያውቅም። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ። መጽሐፉን የምጀምረው ነገ መሆኑን ጠየቁኝ። ነገ ነው አልኩ።

«ላንድ ቀን ይቆይሻል። ነገ አስኮ ትወስጅኛለሽ።»

በኅዳር አንድ ጠዋት ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ገጹን ሲጽፍ እኔ ጦር ኃይሎች ላይ የአስኮ ታክሲ እጠብቅ ነበር። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ይንጫጫል፤ ይኸኔ ሁሉም ጀምሯል። ቀኑ እየሄደብኝ ነው እላለሁ፣ ስለ ቀኑ ማሰቤ ደግሞ ያበሳጨኛል። እማማ ታክሲው ውስጥ ከጎኔ ተቀምጠው የፊተኛውን ወንበር ጨብጠዋል። ጣታቸው እንዴት እንደነጣ ሳይ ይህን አልረሳውም፣ ይህ ይገባል አልኩ በልቤ። ወዲያው ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እስክንደርስም አልከፈትኩም።

ፌርማታው ላይ ስንወርድ እማማ ቆሙ። መንገዱን አሻግረው ወደ ከተማ የሚመለሱትን ታክሲዎች አዩ። ክንዳቸውን ያዝኩ። ጥቂት ቆይተው ራሳቸው መራመድ ጀመሩ። ቤቱን አይተውት ባያውቁም ምልክቱን ከሰው ሰምተዋል፤ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ነው። አንኳኪ አሉኝ፤ አንኳኳሁ።

የከፈተው ራሱ ልጁ ነው። ሽበት የጀመረው፣ የእማማን ግንባር የያዘ ሰው። እናቱን አየና ወዲያው ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ፣ እሳቸውን ማየት የከበደው ይመስል።

«አንቺ ማነሽ?» አለኝ።

እማማ ቀደሙኝ። «ሱባኤዋን ትታ ያመጣችኝ ናት» አሉት።

ሰውየው በሩን ይዞ ብዙ ቆየ። ከዚያ ገለል ብሎ አሳለፋቸው፣ እኔንም ግቢ አለኝ። በዓለም ላይ ከምንም በላይ መግባት ፈለግሁ። ምን እንደሚባባሉ፣ ማን መጀመሪያ እንደሚናገር፣ ያቺ ሚስት ከየት በኩል እንደምትመጣ ለማየት ነፍሴ ልትወጣ ደርሳ ነበር። ሥራ አለብኝ ብዬው ወደ ፌርማታው ተመለስኩ።