ወይዘሮ ብሎንና እንቁላል አንሺው እጅ

በሻይ ቤቱ የሚወራው እንዲህ ነው። የእንቁላል ማሸጊያው መካኒክ ወይዘሮ ብሎን ሰው የሚያውቅ የብረት እጅ ሠርታለች። ንድፉን በሕልሟ አይታ፣ ብቻዋን በሦስት ቀን ገጣጠመችው። እጁ የተበላሸ እንቁላል ከሩቅ ይለያል፤ የተበላሸ ሰውም አያመልጠውም። የድርጅቱን ባለቤት ግንባራቸውን በእንቁላል የመታቸውም፣ ይላሉ፣ ለዚሁ ነው።

ለማመን ያስቸግራል። ሰኞ አንድ እንቁላል የነበረው ወሬ ማክሰኞ ሦስት ሆነ፤ ዓርብ ላይ ባለቤቱ ከነጫማቸው አስኳል ውስጥ ሰጥመው በመሰላል ወጡ። ደግሞስ እጁ የተበላሸ ሰው የሚለይ ቢሆን፣ በዚያ በር የሚያልፈው ሁሉ ግንባሩን ሸፍኖ በሄደ ነበር። ከሻይ ቤቱ ደንበኞችም የሚተርፍ መኖሩን እንጃ።

ወይዘሮ ብሎን ይህን ስም ያገኘችው ኪሷ ከብሎን ተለይቶ ስለማያውቅ ነው። ስትራመድ ትንቃጨላለች። ልብስ የሚያጥበው ባሏ «የብረታ ብረት ሱቅ ነው ያገባሁት» እያለ ይስቃል። አሥራ ሁለት ዓመት እንቁላል የሚያጓጉዘውን ቺንጋ፣ ያንን የሚሽከረከር ቀበቶ፣ ስታጠብቅና ዘይት ስትቀባ ከኖረች በኋላ አንድ ምኞት ያዛት፤ እንቁላሉን ከቺንጋው አንስቶ ካርቶን ውስጥ የሚያስቀምጥ እጅ መሥራት። የድርጅቱ ባለቤት አንድ ወር ሰጧት። እጁ ሠላሳ እንቁላል በፊታቸው በደህና ካስቀመጠ እዚያው ይቆያል፤ አንዲት ከሰበረ ግን ለአሮጌ ብረት ገዢ ይሸጣል፣ እሷም እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ አታነሳም።

ሥራውን ለሦስት ሰው አከፋፈለች። በያጁ፣ ዕድሜ የጠገቡ ሰው፣ ብረት ላይ መሰሰት አይወዱምና የባንክ በር የሚያህል ክንድ ይዘው መጡ። ቶሎ ስለሚቃጠል «ፊውዝ» የሚባለው ኤሌክትሪሻን ክንዱን ሲያይ፣ ከጉድጓድ ውሃ የሚስብ ሞተር ገጠመለት። ፕሮግራም የምትጽፈው የአክስቷ ልጅ ደግሞ ክንዱንም ሞተሩንም ሳታይ ፍጥነቱን ከቤቷ ሆና ጽፋ ላከች፤ በሐሳቧ የነበረው እጅ እንደ ላባ የቀለለ ነው።

ማብሪያው ሲጫን፣ እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት እዚያው ተሻረ። በረረ። አንደኛው ጣሪያው ላይ፣ ሁለተኛው የወይዘሮ ብሎን ግንባር ላይ አረፈ።

በያጁ ሞተሩን ወቀሱ፣ ፊውዝ ፕሮግራሙን፣ የአክስቷ ልጅ ክንዱን። ክፋቱ ሦስቱም እውነት ነበራቸው። ወይዘሮ ብሎን ግንባሯን እንኳ ሳትጠርግ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ እንቁላል ሰጥታ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንሱ አለቻቸው።

«አሁን ጋሼ፣ መጨበጥዎን መቼ አቆሙ?»

«ሲበቃኝ ነዋ።»

«እንደበቃዎ ማን ነገረዎ?»

በያጁ እንቁላሉን በጣታቸው ዳሰሱት። «ጣቴ።»

«የእኛ እጅ ጣቱ ለማንም አይናገርም፤ ለዚህ ነው ዱርዬ የሆነው» አለች።

ከዚያ ወዲያ ሥራው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሆነ። ክንዱ በቀጭን አሉሚኒየም ተቀየረ፤ ክንዱ ሲቀል ሞተሩ አነሰ፤ ሞተሩ ሲያንስ ፕሮግራሙ እንደገና ተጻፈ። ጣቶቹ ላስቲክ ለበሱ፣ ከላስቲኩም ሥር ግፊት የሚለካ፣ ምስር የምታክል ሴንሰር ገባ። የአክስቷ ልጅ ማሸጊያው ውስጥ ወንበር ይዛ እንቁላል ስትጨብጥ ስትለቅ ሰነበተችና ፕሮግራሙ ላይ ለጣቶቹ አንድ መስመር ጨመረች፤ የጨበጣችሁት ነገር ከለሰለሰባችሁ፣ ቁሙ። ለሌሎቹ ሳይነግር ብሎን የሚያላላ እንዳይኖርም ተማማሉ። ፊውዝ ሳይቀር «ሽቦዬን በሁለት ጣት ባስረዝም ትቀየሙኛላችሁ?» ማለት ለመደ።

በቀጠሮው ቀን ባለቤቱ ከእጁ አምስት እርምጃ ርቀው ቆሙ። ሃያ ሁለት እንቁላል እንደ ተኛ ሕፃን እየተነሳ ካርቶኑ ውስጥ ገባ። ሃያ ሦስተኛው ላይ ጣቶቹ ጨበጥ አደረጉና ቆሙ። አላነሱም። ወይዘሮ ብሎን ጠጋ ብላ እንቁላሉን ስታገላብጠው ከሥሩ ቀድሞውኑ ተሰንጥቆ አገኘችው።

የባለቤቱ ዓይን ፈጠጠ። «ይሄማ ያውቃል! የቀረውን ተዪው፣ ተቀብያለሁ። የተበላሸ የሚለዩትን እንቁላል መራጮቹንም ከነገ ጀምሮ አሰናብታለሁ።»

በእሺታ ራሷን ብትነቀንቅ ጉዳዩ አልቋል፤ የወር ልፋቷም ተርፏል። ፊውዝ እሺ እንድትል በክርኑ ጎሸም አደረጋት።

«አያውቅም፣ ጌታዬ» አለች። «የሚለሰልስ ነገር ሲነካ ይቆማል። ጓንትዎን ቢያኖሩለትም ይቆማል። ሳይሰነጠቅ የተበላሸውን ግን እንደ ደህናው አክብሮ ያሽግልዎታል። መራጮቹ ከሄዱ የሚገማው የእርስዎ ስም ነው።»

ባለቤቱ ጓንታቸውን አኖሩ። እጁ ቆመ። ጠንቋይ ገዝቶ ቤቱ ሲደርስ የበር መዝጊያ ሆኖ ያገኘው ሰው የሚመስል ፊት አሳዩ። የተሰነጠቀው ተቀይሮ ሥራው ቀጠለ፤ ሠላሳኛውም በደህና አረፈ። ባለቤቱ ካርቶኑን አንድ ጊዜ በዓይናቸው፣ አንድ ጊዜ በጣታቸው ቆጠሩት። «ይቀመጥ» አሉ በመጨረሻ። «መራጮቹም ይቀመጡ።»

ከዚያ ሻይ ቤት ገቡና፣ ጠንቋይነቱ ይበልጥ ስለጣማቸው፣ «ያውቃል» ብለው አወሩ። የቀረውን ሻይ ቤቱ ጨመረበት።

ባለፈው ሳምንት ከደንበኞቹ አንዱ ደፍሮ ወሬውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገራት። ወይዘሮ ብሎን ከቺንጋው ሥር ሳትወጣ ሰማችው።

«ሕልም አላየሁም» አለች። «ብቻዬንም አልሠራሁትም፣ አራት ነን። አንድ ወር ፈጀብን። የተበላሸ እንቁላል አይለይም፣ ሰውንማ ጭራሽ። ባለቤቱንም አልመታም። የተመታሁት እኔ ነኝ።»