ግመል የተሰጠበት ቁም ሣጥን

በጣሊያን ጊዜ ከደብረ ሲና ቁልቁል እስከ ጀውሃ እንደ እኔ ያለ አናጢ አልነበረም። ይህን የምለው ራሴን ለማሞገስ አይደለም፤ ሌላ የሚለው ሰው ስላጣሁ ነው። አስተማሪም አልነበረኝም።

ሸዋ ሮቢት የመንገድ ሥራ ካምፕ የገባሁ ዕለት ካፖው፣ ማለት የሠራተኞቹ አለቃ፣ መላጊያ ሰጥቶ «ታውቃለህ?» አለኝ። በእጄ ነክቼው አላውቅም።

«ካንተ የበለጠ» አልኩት።

ሦስት ሳንቃ አበላሸሁ፤ አራተኛው እንደ መስታወት ወጣ። በዓመቱ ረዳት ካፖ ሆንኩ፤ ጣሊያንኛም ለቀምኩ።

አንድ ቀን የጨው ነጋዴው ሐጂ ሙሄ አስጠሩኝ። ቡና ቤት ያለው ጣሊያን ከሮቢ ወንዝ ውሃ የምታመላልስለት ግመል ፈልጎ፣ የሐጂን ምርጥ ግመል በትልቅ ቁም ሣጥን ለውጧቸዋል። ክዳኑ ተቆልፏል፤ ቁልፉ የለም። አማቾቻቸው «ሐጂ ዘንድሮ ጨው በሣጥን ሊጭኑ ነው» እያሉ ይስቃሉ። ያለዚያች ግመል ደግሞ ወደ አፋር መውረድ የለም።

«ተሰማ፣ አንተ የእነሱን ፊደል ታነባለህ። ምን ይላል?»

ጀርባው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። «ፒያኖ» ይላል። ድንጋይ ስናወርድ ካፖው «ፒያኖ! ፒያኖ!» እያለ የሚጮህብን ቃል ነው።

«ቀስ በል ይላል፣ ሐጂ።»

«ወላሂ! ይህን ግመሌን ሳልሰጥ ነበር ሊለኝ የሚገባው!»

እንጨቱ ደኅና ስለሆነ ለበር እንዲሆናቸው ልቆርጠው ተስማማን። መጋዜን ክዳኑ ላይ እንዳሳረፍኩ፣ የወባ ኪኒን ሊያድል የመጣው የካምፑ ሐኪም ብቅ አለ።

«ፒያኖ! ፒያኖ!» ብሎ ጮኸ።

ታዛዥ ሰው ነኝ፤ መጋዙን ቀስ ብዬ ሳብኩ። ሐኪሙ ሮጦ መጥቶ ከእጄ ነጠቀኝ። በጣቶቹ አየሩን እየነካካ በአፉ ዜማ አወጣ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ለካ ፒያኖ የሙዚቃ ዕቃም ስም ነው!

ቁልፉን በሽቦ ከፈትኩ። ነጭና ጥቁር ጥርስ ተደርድሯል፤ ብንጫነው ግን ዝም። የፊት ሳንቃውን በካቻቪቴ ፈታሁ። አይጥ ጎጆ ሠርታበታለች፤ ክሮቹን የሚመቱትን መዶሻዎች ሱፍ ብል በልቶታል። ጎጆውን ጠረግሁ፤ በእርጥበት ያበጡትን ጥርሶች አንድ በአንድ ፋቅሁ፤ ለመዶሻዎቹ ከመንዝ የሱፍ ባና ቆርጬ በኮላ ለጠፍኩ። ክሮቹን ሐኪሙ በጆሮው፣ እኔ በፒንሳ ቃኘን።

ጥርሶቹን ለመፋቅ የመጀመሪያውን ሳወጣ ጎኑ ላይ በእርሳስ የተጻፈ አገኘሁ። ሐኪሙ አነበበው። ዕቃውን በየጊዜው የቃኙት ሰዎች ፊርማ ነው፤ አንዱ ከቶሪኖ፣ አንዱ ከምጽዋ፣ አንዱ ከአስመራ። ዕቃው ለካ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሽማግሌ ነው።

«አርጅቷል፤ ግን ጥሩ ነው። በቅሎዬን እሰጣለሁ» አለ ሐኪሙ።

ሐጂ አንዱን ነጭ ጥርስ አስወጥተው በጥፍራቸው ጫር አድርገው ወደ ፀሐይ አዘነበሉት።

«አባቴ የዝሆን ጥርስ ነጋዴ ነበር። ይህ ከዝሆን ነው፤ ጅማቱን እየው። በቅሎዋ ለጥርሱ ትሁን። ለድምፁ ግመሌ ትመለስ፣ በለው።»

ተረጎምኩ፤ ትንሽም ጨመርኩበት። ሐኪሙ ስቆ ወደ ቡና ቤቱ ሄደ። ጣሊያኑ የካምፑ መኪና ውሃ እንዲያመጣለት ቃል ሲገባለት ግመሏን መለሰ።

ሐጂ በበቅሎ ተቀምጠው፣ ግመላቸውን እየሳቡ በአማቾቻቸው ደጅ ሦስት ጊዜ አለፉ። ቤታቸው በሌላ በኩል ነው።

በዚያ ሥራ እኔ ያደረግሁት ይህ ነው፦ የተቆለፈውን ከፈትኩ፤ ዲዳውን አናገርኩ፤ አገሩን አወቅሁ፤ ግመል አስመለስኩ፣ በቅሎም አስጨመርኩ። በጥርሱ ጎን ከሦስቱ ፈረንጆች ስም በታች የእኔን በአማርኛ ጻፍኩ። ክዳኑ ላይ ያለችውን የመጋዝ ጭረት በሰም ደፈንኩ፤ እሷን ግን አልፈረምኩባትም።

ለአናጢዎች የምለው፦ ዕቃ ከመቁረጣችሁ በፊት ውስጡን እዩ።